ከማገዶ ክምር የወጣ የሻማ ማስቀመጫ

ከተፈጥሮ እንጨት የሻማ ማስቀመጫ መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት መሣሪያውን ነው። «ድሪል የለኝም፣ ሞርሳ የለኝም፣ አናጢ አይደለሁም» ይሉኛል። መብሳት ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አንድ ቀዳዳ ነው። ካስፈለገ ሰፈር ያለው ቁም ሳጥን ሠሪ በትንሽ ብር ይበሳላችኋል። ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ እንጨት መምረጥና ማድረቅ። ውስጡ ያለው ውሃ ሳይወጣ የተሠራ እንጨት የቱንም ያህል ቢያምር ቆይቶ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ወይም ከሥሩ ይሻግታል። ስለዚህ ስለ ውሃ ብዙ አወራለሁ። ታገሡኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የሥራ ቦታዬ በረንዳው ነው፤ ልብስ ካልተሰጣ። ሻማ ደግሞ በእኛ ቤት በዋናነት የሚፈለገው መብራት ሲጠፋ ነው። ዘዴውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲኒ ይገለበጣል፣ ሰም ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ ሻማው ይተከላል። ይሠራል። ግን ሕፃን ባለበት ቤት ጠረጴዛው ትንሽ ሲነካ ይወድቃል። እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት ክብደት ያለው፣ በቀላሉ የማይገለበጥ ነገር ፈልጌ ነው። ጌጡ ኋላ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ምክሬ ጣውላ ቤት አትሂዱ የሚል ነው። እዚያ የሚሸጠው የተላገና አራት ማዕዘን የሆነ እንጨት ነው። እኛ የምንፈልገው ቅርፊቱ ያለ፣ ጉብታውና ጠማማነቱ ያልተነካ ነው። እሱ የሚገኘው ማገዶ ሻጭ ዘንድ ነው። ማገዶ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ፣ ተቆልሎ፣ ፀሐይና ነፋስ ተፈራርቆበት የቆየ ነው። መሰንጠቅ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ተሰንጥቆ ጨርሷል። ከክምሩ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ጉማጅ ካገኛችሁ ፈተናውን ያለፈ እንጨት አገኛችሁ ማለት ነው። ሻጯ መጀመሪያ ስትመርጡ ታያችሁና ትስቃለች። «ለማገዶ ምን ያማርጣሉ?» ትላለች። የተመረጠ ስለሆነ ትንሽ ጨምሩላት። ቀጥሎ ስትሄዱ ራሷ ጠማማውንና ጉብታ ያለበትን ለይታ ታስቀምጥላችኋለች። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘኋቸው ደንበኞቼ ከማንኛውም ጣውላ ቤት ይበልጡብኛል።

ሁለተኛው ምንጭ የድሮ አጥር ነው። ሰው የእንጨት አጥሩን አፍርሶ በብሎኬት ሲተካ የሐበሻ ጥድ ቋሚዎች ይጣላሉ። ጥድ ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ስለሆነ ድሮ ለአጥር ይመረጥ ነበር። ላዩ ግራጫ ሆኖ የሞተ ይመስላል። በመጋዝ ቆረጥ ስታደርጉት ውስጡ ቀይ ነው፤ ሽታውም የእርሳስ መቅረጫ ሽታ ነው። ለእርሳስ የሚፈለግ እንጨት ስለሆነ አይገርምም። ለብዙ ዓመት የደረቀ ነውና ማድረቂያ ጊዜ አይጠይቃችሁም። ከፈረሱ የጭቃ ቤቶች የሚወጡ ማገሮችና ወራጆችም እንደዚሁ ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛው ሚስማር ነው። ላዩ ላይ ራሱ ባይታይም ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ይኖራል፤ መጋዝም ፑንታም (የድሪሉን መብሻ) ይጨርሳል። ሁለተኛው የድሮ ቀለም ነው። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ቀለም ያለበትን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

የዛፍ ዓይነት ላይ ሰው ብዙ ይጨነቃል፤ እኔ ብዙም አልጨነቅም። ግን ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ በሁሉም ቦታ አለ፤ ዐፄ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶ ካስገቡት ጀምሮ የከተማችን እንጨት እሱ ነው። ችግሩ ሲደርቅ በጣም ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ከማገዶ ክምር ደርቆ የተገኘ ካልሆነ እርጥቡን ገዝቶ መታገል አያዋጣም። ቀዩ ባሕር ዛፍ ከነጩ ይልቅ ውስጡ ቀለም አለው። የፈረንጅ ጥድ ለስላሳ ነው፤ ለጀማሪ በእጅ መጋዝ ለመቁረጥ ይመቻል። ሙጫ ሊኖረው ስለሚችል ግን ሻማው አጠገብ አልወደውም። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው። ትንሽ ቁራጩ እንኳ ዱብ ብሎ ይቀመጣል፤ አይንቀሳቀስም። መጋዙን ግን ያደክማል። ግራቪሊያ ሲቆረጥ ውስጡ ዳንቴል የሚመስል ጥለት አለው። እንደ እኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፤ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ግን ማሳከክ ያመጣል። ጃካራንዳና አቮካዶ ሰው ግቢውን ሲከረክም በነጻ ይገኛሉ።

አንድ ልዩ ቦታ የምሰጠው ለቡና እንጨት ነው። በቡና አምራች አካባቢዎች ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ይጎነደላል፤ ግንዱ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይቆረጥና አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ይደረጋል። የተቆረጠው ግንድ ማገዶ ነው የሚሆነው። ቀጭን ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ ቀለም ያለው፣ ሲፈተግ እንደ ልብ የሚለሰልስ እንጨት ነው። ወደ ይርጋለምና ዲላ የሚመላለስ ዘመድ ካላችሁ መኪናው ላይ ለግንዱ ቦታ ይተውላችሁ። የሻማ ማስቀመጫው ቡና ከሚፈላበት ረከቦት አጠገብ ሲቀመጥ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል።

ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከደን መቁረጥ በሕግ የተገደበ ነው። ለሻማ ማስቀመጫ ብሎ ቁሞ ያለ አገር በቀል ዛፍ መንካት አያስፈልግም። የወደቀ ቅርንጫፍ፣ የአጥር ቋሚ፣ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል። ቅንጭብንና ቁልቋልን ደግሞ ጨርሶ ተዉአቸው። ወተታቸው ዓይን ያሳውራል።

አሁን ወደ ውሃው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ምንም አይቀንስም ማለት ይቻላል። ከመሃሉ ወደ ቅርፊቱ ሲለካ ትንሽ ይቀንሳል። ዙሪያውን ደግሞ የዚያን ሁለት እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ዙሪያው ሊያጥር ይፈልጋል፤ ውስጡ አላጥርም ይላል። ጠባብ ቀሚስ ለብሶ ቁጢጥ እንዳለ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይተረተራል። ከግንድ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቁራጭ ከመሃል እስከ ዳር የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ይህ መሆኑን ስታውቁ መፍትሔዎቹም ግልጽ ይሆናሉ።

አንዱ መፍትሔ ጫፉን መድፈን ነው። ውሃ ከእንጨት በጎኑም ይወጣል፤ በጫፉ ግን ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ጫፉ ቶሎ ደርቆ መሃሉ ርጥብ ሲሆን ስንጥቁ ከጫፍ ይጀምራል። ስለዚህ እርጥብ ጉማጅ ስታመጡ በዚያው ቀን ሁለቱንም ጫፍ የቀለጠ ሻማ ቀቡት። ያለቀ ሻማ ቁራጭ ማንም ቤት አይጠፋም። ኮላም ይሆናል፤ የተረፈ የዘይት ቀለምም ይሆናል። ሌላው መፍትሔ ከሚፈለገው ርዝመት አስበልጦ መቁረጥ ነው። በየጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ካለ የተሰነጠቀው ይቆረጥና ይጣላል።

ሦስተኛው ዘዴ የሚገርመኝ ነው። የእንጨቱ መሃል ላይ ያለው ለስላሳ እምብርት የጭንቀቱ፣ ማለትም ዙሪያውና ውስጡ የሚሳሳቡት መሳሳብ፣ መነሻ ነው። ሻማው የሚገባበትን ቀዳዳ ልክ እምብርቱ ላይ፣ ገና በእርጥቡ ከበሳችሁት ጭንቀቱ ይቀንሳል። ጠባብ አድርጋችሁ ትበሳላችሁ፤ ሲደርቅ በልኩ ታሰፉታላችሁ። ሁልጊዜ አያድንም። ግን ከማይበሳው ይልቅ የሚተርፉት ይበዛሉ።

ቦታው ጥላ ይሁን፤ ነፋስ የሚገባበት። ሰው ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የአዲስ አበባ የበጋ አየር ራሱ በጣም ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ሲጨመርበት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይበቃዋል፣ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ድምፁን ትሰማላችሁ። እኔ እርጥብ እንጨት ካገኘሁ በክረምት ባገኘው እመርጣለሁ። በዝግታ ይደርቃል። ሻጋታ እንዳይዘው ብቻ ከወለል ላይ በሁለት ዘንግ ከፍ አድርጌ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ አስቀምጠዋለሁ። የቆየው የአናጢዎች ግምት ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ያ ለጣውላ ነው። አጭር ጉማጅ ከዚያ ይፈጥናል፤ ግን በሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም።

ደርቋል አልደረቀም የሚለውን እንዴት ታውቃላችሁ? የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ቁራጩን መዝኑና ክብደቱን በእርሳስ እራሱ እንጨቱ ላይ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ እንደገና መዝኑ። ከቀነሰ ገና ውሃ እያወጣ ነው። ተከታትለው የተመዘኑት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ በቤታችሁ አየር ልክ ደርቋል። ሰፈራችን ያሉት አናጢ ይህን ዘዴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አንኳኩቼ ነው የማውቀው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደረቅ እንጨት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ እርጥቡ ይታፈናል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አንኳኩተዋል። እኔና እናንተ ሚዛኑ ይሻለናል።

ትል ሌላ ጉዳይ ነው። እንጨቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ነጥቦች ካሉና ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካያችሁ ውስጡ ነዋሪ አለ። ሳሎን አስገብታችሁት ወደ ሶፋው እግር ሊሻገር ይችላል። ሙቀት ይገድላቸዋል። ወደ ውጭ አገር የሚላክ የእንጨት ማሸጊያ በዓለም አቀፍ ደንብ ማዕከሉ ድረስ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረጋል። ኦቨን ያለው ሰው 60 እና 70 ዲግሪ አካባቢ አድርጎ እንደ ውፍረቱ ጥቂት ሰዓት ቢያቆየው ይሆናል፤ ውስጡ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈጃልና። ይህ ለደረቀ እንጨት ብቻ ነው። እርጥቡን ኦቨን ካስገባችሁት ይሰነጠቃል። ሙቀቱንም ከዚያ አታሳልፉ፤ ጥላችሁትም ከቤት አትውጡ።

ቅርፊቱ ይቆይ ወይስ ይላጥ? ሁሉም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። በዝናብ ወቅት፣ ዛፉ ውሃ ሲስብ የተቆረጠ እንጨት ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል። በበጋ የተቆረጠው ይዞ ይቆያል። በጣት ስትገፉት ከተንቀሳቀሰ አትለምኑት፤ ዛሬ ባይወልቅ ነገ ይወልቃልና በመሮ ላጡት። የጥድ ቅርፊት ደግሞ እንደ ቃጫ ይተፈተፋል፤ ክብሪት ሲነካው ወዲያው ይያያዛል። የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ቅርፊት ጎን ላይ ይቆይ፤ ከሻማው ቀዳዳ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ግን ቅርፊት አይኑር።

መቁረጡ ላይ ብዙ አልቆይም። የእጅ መጋዝ ይበቃል። ጉማጁን በገመድ ወይም በሞርሴቶ (በብረት ማጥበቂያ) ወንበር ላይ እሰሩት፤ በጉልበታችሁ አትያዙት። ቁመቱ ከሥሩ ስፋት እንዳይበልጥ እመክራለሁ፤ ረዥም ሻማ የሚተከልበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ሲቆረጥ ትንሽ መዛነፉ አይቀርም። ለማስተካከል የተረፈ የወለል ሴራሚክ ላይ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በኮላ ለጥፉና እንጨቱን በላዩ እያዞራችሁ ፈትጉት። ሴራሚኩ ለጥ ያለ ስለሆነ ሥሩ እኩል ይወጣል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በአንድ ጣት ጫፉን ግፉት። ከተንገዳገደ ቀጥሉ። ሥሩ ላይ የአሮጌ ጫማ ቆዳ ቆርጦ መለጠፍ ጠረጴዛውን ያድናል፤ እንዳይንሸራተትም ያደርጋል።

ቀዳዳው ላይ ግን ቁጥር ያስፈልጋል። በአልሙኒየም ቆብ የሚመጡት ትንንሽ ክብ ሻማዎች ስፋታቸው 38 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ቁመታቸው 16 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 40 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማንኛውም የኪችን ካቢኔ የሚሠራ ሰው ዘንድ የማጠፊያ ቤት የሚበሳበት ክብ ፑንታ አለ። እሱ 35 ሚሊሜትር ነው። ሰው ያየውና «ይሄው ልክ ነው» ይላል፤ ሻማው ግን አይገባም። ከመብሳታችሁ በፊት ሻማውን ይዛችሁ ሂዱና በአካል አስለኩ። አናጢው ዘንድ 40 ከሌለ የጣሪያ አምፖል ቀዳዳ የሚከፈትበትን ክብ መጋዝ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዋሱ። እሱ ዙሪያውን ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ መሃል የቀረውን በመሮ ትፈለፍላላችሁ። ወይም በ35ቱ ያስበሱና በግማሽ ክብ ሞረድ ያስፉ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል።

ጥልቀቱ 13 ወይም 14 ሚሊሜትር ይሁን። የሻማው ቆብ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ከእንጨቱ በላይ ብቅ ይበል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ያለቀውን በጣት ለማውጣት ይመቻል፤ ነበልባሉም ከእንጨቱ ከፍ ይላል። በጣም ጠልቆ የገባ ሻማ ሲያልቅ ሲያልቅ ነበልባሉ ወርዶ የቀዳዳውን ከንፈር ያጠቁረዋል።

ሱቅ የሚሸጠው ተራው ረዥም ሻማ ሌላ ነገር ይፈልጋል። እንጨት ውስጥ በቀጥታ ተተክሎ ታች ድረስ ከነደደ መጨረሻ የሚነደው እንጨቱ ነው። የብረት ጉሮሮ ያስፈልገዋል። የቧንቧ ሠራተኛ ከባለ ሦስት አራተኛ ኢንች የብረት ቧንቧ ቁራጭ ይቆርጥላችኋል፤ ውስጡ 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሻማችሁን ለኩ፤ ቀጠን ካለ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉት። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው የድሮ መዳብና ነሐስ ቁርጥራጭ ያገኛል፤ እሱ ከእንጨት ጋር ሲሆን የበለጠ ያምራል። የፕላስቲክ ቧንቧ ግን በፍጹም። ይቀልጣል፤ ጭሱም መርዝ ነው።

እናቴ የምትፈልገው ለጸሎት ጥግ ጧፍ ማቆሚያ ነበር። ጧፍ ቀጭን ነው፤ ለስላሳ ነው፤ እስከ መጨረሻው ነው የሚነደው። ለእሱ ያገኘሁት መላ የቡሎን ዳዶ ነው። ጧፉ ልክ የሚገባበት ዳዶ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል። ከወይራ ቁራጭ ላይ ለዳዶው ልክ ቤት ይፈለፈልለትና በጥብቅ ተመትቶ ይገባል። ከሥሩ ከወተት ጣሳ የተቆረጠ ክብ ቆርቆሮ ይደረጋል። ጧፉ ነድዶ ሲያልቅ ብረት ላይ ያልቃል። ከሠራኋቸው ሁሉ በየቀኑ ሥራ ላይ ያለው ይህ ነው።

ሲበሳ እንጨቱ መታሰር አለበት። ሰፊ ፑንታ ድንገት ሲነክስ እንጨቱን ይዞ ይሽከረከራል፤ የእጅ አንጓ ይጠመዝዛል። ጣውላ ላይ ሁለት ጠርብ ምቱና ጉማጁን በመሃላቸው አጥብቁት። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ሻማ መደርደር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሆዱን ደልድላችሁ አስቀምጡት፤ በራሱ ወዴት መተኛት እንደሚፈልግ እዩ። ከዚያ በኋላ ነው ቀዳዳው የሚለካው። በቀዳዳዎቹ መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ይኑር። ተጠጋግተው የሚነዱ ሻማዎች እርስ በርስ ይሟሟቃሉ፤ ሰማቸው ሁሉ ፈሳሽ ይሆንና በአንድ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል።

ከዚያ ልስላሴው። የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር 80፣ 120፣ ከዚያ 180 ወይም 240። በእንጨቱ መስመር እንጂ አቋርጣችሁ አትፈትጉ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ከኮቪድ የተረፈው ማስክም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ሰጋቱራውን አትጣሉት፤ ከኮላ ጋር ተለውሶ ትንንሽ ስንጥቅ ይደፍናል። ትልቁን ስንጥቅ ግን እንዳለ ተዉት። እኔ በበኩሌ የተደፈነ ትልቅ ስንጥቅ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለቅባት ከቫርኒሽ ይልቅ ዘይትና ሰም እመርጣለሁ። ቫርኒሽ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰም ሲፈስበትና ሲፋቅ ይላጣል። ቲነሩም በኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ያጣላል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይጠነክራል፤ የኑግ ዘይትም በዝግታ ቢሆን ይደርቃል። የፓልም ዘይት ግን አይደርቅም። ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል። ሰሙን ከጠጅ ቤት ነው የማገኘው። ኢትዮጵያ በማርም በሰምም ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ሰፈፍ ደግሞ ጠጅ በሚጣልበት ቦታ ሁሉ አለ። ሰፈፉን በአሮጌ ድስት ከውሃ ጋር ቀስ ብላችሁ አፍሉት፤ በሻሽ አጥልሉት፤ ይቀዝቅዝ። ሰሙ ከላይ ረግቶ ይገኛል። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ቆሻሻ በቢላ ፋቁት። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ዘይት በሚዛን ለክታችሁ፣ ውሃ የሞላ ድስት ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጡት። ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፤ የሚፈላ ውሃ ከበቂ በላይ ነው። በቀጥታ እሳት ላይ አታስቀምጡት።

እንጨቱ ሞቅ ሲል ቅባቱን በደንብ ይጠጣል። እኔ እንጀራ ጋግሬ ምጣዱን ካጠፋሁ በኋላ፣ እጅ የሚያስችል ሲሆን ቁራጮቹን በወረቀት ላይ እደረድርበታለሁ። ለብ ሲሉ አነሳቸውና እቀባለሁ። የማይጠጣውን ትርፍ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ትርፍ ከቀረ ይጣበቃል። ቀጭን አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው።

አሁን ቆም ብላችሁ አንብቡ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨምድዶ ሲቀመጥ በራሱ ይሞቃል፤ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣና ጨርቁ ሙቀቱን ስለሚያፍነው ነው። የኑጉንም እንደዚያው ቁጠሩት። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አስወግዱት። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትወርውሩት። የተቀባው እንጨትም ሻማ ከመብራቱ በፊት ጥቂት ሳምንት ይቆይ።

አጠቃቀሙ ላይ የቤታችንን ልማድ አስቡ። ለበዓል ወለሉ ላይ ቄጤማ እንጎዘጉዛለን። ትኩሱ ቄጤማ አይነድም፤ በማግሥቱ የደረቀው ግን ይነዳል። የነጠላ ጫፍ ይንዘረፈፋል። መጋረጃው መስኮቱ ሲከፈት ይነፍሳል። ሻማው ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከመጋረጃም አንድ ክንድ ይራቅ። ረዥሙ ሻማ አንድ ጣት ሲቀረው አጥፉት። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ የሚነድ ሻማ አይተው። ሰሙ በአንድ ላይ ከተያያዘ ውሃ አትድፉበት፤ ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም ይረጨዋል። የድስት ክዳን ይደፋበት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል።

የፈሰሰ ሰም ለማንሳት በቢላ መፋቅ እንጨቱን ያቆስላል። ፍሪዘር ውስጥ ትንሽ ካቆያችሁት ሰሙ ይደርቅና በጥፍር ይነሳል። ፍሪዘር ከሌለ ወፍራም ሶፍት ከላይ አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ነካ ነካ አድርጉት፤ ሶፍቱ ይመጠዋል።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ መላክ የሚፈልጉ ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። ያለ ቅርፊት ሥሩለት፤ የትል ቀዳዳ ያለበትን አትላኩ። አሜሪካ የሚገባ ሰው የእንጨት ዕቃ መያዙን ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። ንጹሕ፣ የተፈተገና የተቀባ እንጨት ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ቅርፊት ካለበት ግን ነፍሳት ይፈራሉና ሊወስዱት ይችላሉ። የሚሄድበት አገር አየርም ከእኛ ይለያል። ማሞቂያ ያለበት ቤት በብርዱ ወራት አየሩ ደረቅ ነው፤ እዚህ ዝም ያለ እንጨት እዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለመላክ የምመርጠው የአጥር ጥድ ወይም የቡና እንጨት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ዘመዱን ከማሞቂያው አጠገብ እንዳያስቀምጠው ንገሩት።

ለመሸጥ ያሰበ ካለ ደግሞ ካፌዎች ሲጠይቁ አንድ ዓይነት ሃያ ሠላሳ ይላሉ። ከቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ሃያ አይወጣም። እንደዚያ የሚፈልግ ሰው ቶርኖ (እንጨት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያለው ቤት ይሂድ፤ እነሱ በቀን ይጨርሱለታል።